ሣጥን የሆነው የአባቴ ቃል

እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። ክረምት ላይ ርብ ሞልቶ የሩዝ ማሳችን ውስጥ ሲገባ አባቴን ቃለ መጠይቅ አደረግኩና በጓደኛዬ ላፕቶፕ ጻፍኩት። ግቢ ተመልሼ በቤተ ሙከራው ኮምፒውተር ስከፍተው ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን! ማስረከቢያው ደግሞ ነገ ጧት ነው።

ጽሑፉስ አልጠፋም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፤ የጎደለው ለቁጥሩ መልክ የሚሰጠው ፎንት ነው። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«ቀላል ነው'ኮ፣ በአፕት አቢሲኒካን ጫን» አለኝ።

ብጽፈው ኮምፒውተሩ «ትእዛዙን አላገኘሁትም» አለ። ለካ የሱ ኡቡንቱ፣ የኛው ፌዶራ ኖሯል! ሁለቱም ሊኑክስ ናቸው፤ ግን አንዱ በአፕት፣ ሌላው በዲኤንኤፍ ይጭናል። ያው አንዱ ፎንት እንኳ በሁለቱ ዘንድ የጥቅል ስሙ ይለያያል። ለምን እንዲህ እንደሚያደክሙን አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ1997 በኔትቢኤስዲ የተጀመረው ፓኬጅሶርስ በሊኑክስም፣ በማክም፣ በሶላሪስም ላይ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ይጭናል፤ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድም በራስ ማኅደር ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል። እሱን ልጀምር ብል ግን ሌሊቱ አይበቃኝም።

በዲኤንኤፍ እንዳልጭን የይለፍ ቃሉን የያዙት ጋሼ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። በመጨረሻ የፎንቱን ፋይል ብቻ አውርጄ በራሴ ማኅደር የፎንት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ይኼኛው መንገድ በኡቡንቱም በፌዶራም አንድ ነው። ፋይሉን ዘግቼ ስከፍት ሣጥኖቹ ጠፉ፤ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው «ውሃው ገና አልጎደለም፣ ልጄ» የሚለው የአባቴ ቃል ነበር።