ሰርዶው

መቼም ተማርን ብለናል! ሁለት ወንድማማች አንድ ክረምት ለዕረፍት ቦሬ ገባንና ከደጃችን ያለውን ሰርዶ ነቅለን፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዳየነው ያለ የአበባ መደብ ሠራን። እናታችን «ኧረ ተዉት ልጆቼ፣ መሬቱን የያዘልን እሱ ነው» ብትለን ሣቅን።

ሳምንት ሳይሞላ ዝናቡ ቀዩን አፈር ጠራርጎ ቁልቁል ወሰደው። የተረፈውም ችግኝ ቢጫ ሆነ። ለካ ቦሬ ደጋ ናት፤ ዝናብ ሲበዛበት የአፈሩ ንጥረ ነገር ይታጠብና አሲዳማ ይሆናል። እኛ ይህን ኋላ ከመጽሐፍ አገኘነው፤ እናታችን ግን ከእንሰቷ ሥር አመድና ፍግ ሳትደፋ የዋለችበትን ዓመት አናውቅም። አመዱ አሲዱን ያበርዳል፣ ፍጉ አፈሩን ያጠግባል።

በዚያው መንገድ ቆላ ወርደን ነገሌ ብንደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ፀሐዩ ብርቱ፣ ዝናቡ አጭር ነውና የችግኙን ዙሪያ ጎድጎድ አድርጎ ውሃ ማቆር፣ ሥሩንም በደረቅ ሣር ማልበስ ነው ዘዴው።

እንግዲህ ጓዶች፣ ከመቆፈር በፊት መሬቱንም ባለቤቱንም መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም። እኛስ በሚቀጥለው ዕረፍት ሰርዶውን መልሰን ተከልን። እናታችን ደጃፍ ላይ ቆማ አየችን። እሷ አልሣቀችብንም።