መጽሐፉ ምን ብሎ ይጠራዋል?

ሰው አዋቂ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ አልክድም። ነጋዴው ደውሎ «ይሄ ዕቃ ቀረጡ ስንት ነው?» ሲለኝ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ መልሱን እልክለታለሁ። እሱም ለጓደኛው «የታሪፍ መጽሐፉን በቃሏ ነው የምታውቀው» ብሎ ያወራልኛል። እውነቱን ልናገርና በቃሌ የያዝኩት በጣት የሚቆጠር ነው። የትራንዚት ሥራ ያስተማረኝ መፈለግን ነው፤ እሱንም ቢሆን የተማርኩት ኮምፒውተር ከማይነኩ ሰው ነው።

ጋሼ እንላቸዋለን። ቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ ፋይል ታቅፈው ያረጁ ትራንዚተር ናቸው፤ ኢሜይላቸውን የሚከፍቱላቸው ልጆቻቸው ናቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ነጋዴ ሶላር ፓነል ሊያስገባ ፕሮፎርማውን ይዞ ቢሮ መጣ። እኔም ጎግል ላይ የሶላር ፓነል ቀረጥ ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። የሻጭ ማስታወቂያና የዜና ጋጋታ መጣልኝ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠይቂው?» አሉኝ።

«ጎግልን ነዋ ጋሼ።»

«እሱ ምን ያውቃል? የታሪፍ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሶላር ፓነል ብሎ ይጠራዋል ወይ? መጽሐፉ ምን ብሎ እንደሚጠራው ካላወቅሽ እስከ ማታ ብትጎረጉሪ አታገኚውም።»

ወፍራሙን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርደው ምዕራፍ 85ን ገለጡልኝ። ነጋዴ ሁሉ ሶላር የሚለው ነገር እዚያ ከሴሚኮንዳክተሮች ጎን «ፎቶቮልታይክ ሴል» ተብሎ ተቀምጧል። ጀነሬተርም እንደዚያው ነው፤ ሞተሩና ዲናሞው አንድ ላይ ተገጥሞ ከመጣ መጽሐፉ «ጀነሬቲንግ ሴት» ብሎ 8502 ሥር ይከተዋል። የመጽሐፉን ቃል ስጽፍ የፈለግሁት ሰነድ ከላይ ብቅ አለ።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋ ስጀምር የምጠይቀው ራሴን ነው። ይህን ወረቀት የጻፈው ማነው? ሲጽፍ በየትኛው ቃል ተጠቀመ? አሁን አሁን ጎግል ጥያቄ ብትጽፉለትም ራሱ መልስ አሰናድቶ ከላይ ያስቀምጥላችኋል። ለወጥ አሠራር ይሁን፤ ቀረጥ ለሚከፈልበት ነገር ግን ምንጩን ከፍቼ ሳላይ አላምነውም። ኮድ ይለወጣላ! ዓለም አቀፉ የዕቃዎች መለያ ቁጥር፣ የኤችኤስ ኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ2017 እና በ2022 ተሻሽሏል። ከ2022 በፊት ሶላር ፓነል 8541.40 ውስጥ ነበር፤ በ2022ቱ እትም ተገጣጥሞ ፓነል የሆነው 8541.43፣ ብትን ሴሉ ደግሞ 8541.42 ሆኗል። አሮጌውን ቁጥር የያዙ ገጾች ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፤ ማንም አላነሳቸውም። ስለዚህ ከውጤቱ በላይ ያለውን የጊዜ ማጣሪያ ከፍቼ የቅርቡን ብቻ አስቀራለሁ። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በየአገሩ አንድ ስለሆኑ እነሱን ለማግኘት የኬንያም የህንድም ሰነድ ይጠቅመኛል። ከዚያ በኋላ ያለው አኃዝና የቀረጡ ልክ ግን ከእኛው ብቻ ነው የሚወሰደው።

የእኛ ሕግ ፍለጋ የራሱ ጣጣ አለው። የጉምሩክ አዋጁ በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ነው። እንግሊዝኛው ላይ ያው አዋጅ 859/2014 ይሆናል፤ ነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ሲያትም ዘመኑንም እንደየቋንቋው ያደርገዋል። የእንግሊዝኛውን ስም ከአማርኛው ዓመተ ምሕረት ጋር አደባልቆ የጻፈ ሰው «እንዲህ ያለ አዋጅ የለም» ብሎ ሲምል ሰምቻለሁ። ፊደላችንም አለ። አንዱ «ዕቃ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «እቃ» ይለዋል፤ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» እንደዚሁ። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ስትፈልጉ በተለይ ሁለቱንም መሞከር ነው። ነጋሪት ጋዜጣው በስካነር ፎቶ ተነስቶ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ላይገኝ ስለሚችል፣ የአዋጁን ቁጥር ብቻ ጽፎ ርዕሱን ማደን ይሻላል።

ስለ አቋራጮቹ ብዙ አልልም። «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ሁለት ነጥብና የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ስታስከትሉ ፍለጋው ከዚያ ግቢ አይወጣም፤ «ፋይልታይፕ» ብላችሁ ፒዲኤፍ ስታስከትሉ ወሬው ይወገድና ሰነዱ ብቻ ይቀራል። የማትፈልጉት ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጉበት። እነዚህ ሦስቱ እኔን እስከ ዛሬ አኑረውኛል።

ኢሜይል ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ጓንዡ ላለው አቅራቢ የምጽፈው ደብዳቤ ከስድስት ወር በኋላ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ይፈለጋል። የሚፈለግበት ቃል ከሌለው ግን በቁሙ ጠፋ ማለት ነው። ነጋዴዎቻችን ርዕሱን ባዶ ይተዉታል፣ ወይ «ሃይ» ይሉታል፣ ካልሆነም ያለፈውን ዓመት የጎማ ጉዳይ ከፍተው ስለ ጀነሬተር ይጽፉበታል። እኔ ርዕሱ ላይ የዕቃውን ስም፣ የፕሮፎርማውን ቁጥርና የአስመጪውን ስም አሰፍራለሁ፤ ጉዳዩ ሲቀየር አዲስ ደብዳቤ እከፍታለሁ። ጂሜይል ውስጥ ስፈልግ «ፍሮም» ብዬ ሁለት ነጥብና የላኪውን ስም፣ ቀጥሎ «ሃዝ» ብዬ ሁለት ነጥብና «አታችመንት» እጽፋለሁ። አባሪ ያለው የዚያ ሰው ደብዳቤ ብቻ ተነጥሎ ይመጣል። ዋጋ ለብዙ አቅራቢ በአንድ ጊዜ ስጠይቅ አንዱ የሌላውን እንዳያይ አድራሻቸውን ሁሉ ቢሲሲ ውስጥ እከታለሁ። ያለዚያ ተፎካካሪዎቹን አስተዋውቄ ራሴ ላይ ዋጋ አስወደድኩ ማለት ነው። የተላከን መልእክት መመለሻ ጊዜውንም ከቅንብሩ ገብቼ 30 ሰከንድ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አይሄድም እንጂ ብችል አንድ ሰዓት አደርገው ነበር።

የጋሼ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ገንዘብ ላይ ነው። አንድ ደንበኛዬ በቲቲ፣ ማለትም በቀጥታ የባንክ ሐዋላ፣ ሊከፍል ተዘጋጅቶ ሳለ ከአቅራቢው ኢሜይል መጣ፦ «ኦዲት ላይ ስለሆንን በዚህ አዲስ ሒሳብ ቁጥር ክፈሉ»። ስሙም ማኅተሙም ያው ነው፤ የቀደመው ልውውጣችን እንኳ ከሥሩ አለ። በኤልሲ (ሌተር ኦፍ ክሬዲት) ቢሆን ባንኮቹ መሃል ስላሉ እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም፤ ቲቲ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። አቅራቢው በዚህ ሁሉ ዓመት «ውድ ጓደኛዬ» ሳይል ጀምሮ አያውቅም ነበር፤ ይሄኛው በደረቁ «ክቡር ደንበኛችን» ይላል። ያ ሰው ደንበኛዬን እንዲህ ብሎ አይጠራውም አልኩ። የላኪውን ስም ተጭኜ አድራሻውን ስገልጥ አንዷ ፊደል በምትመስላት አኃዝ ተተክታለች። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ስልክ ትቼ በድሮው ፕሮፎርማ ላይ ባለው ደወልኩ። ሒሳባቸው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ደንበኛዬ ያን ቀን ምሳ ጋበዘኝና፣ በበነጋው የሌላ ዕቃ ፕሮፎርማ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ተንጋዶ የተነሳ ነው፤ ቁጥሩን አውራ ጣቱ ሸፍኖታል። «ስፈልገው ታወጪልኛለሽ» የሚል የድምፅ መልእክትም አለበት። ቴሌግራም ላይ በፎቶ የመጣ ሰነድ ከሠርግና ከቀልድ ፎቶ ሥር ሲቀበር ማን ሊያገኘው! ደውዬ ቁጥሩን አስነበብኩትና ፎቶውን ለራሴ በኢሜይል ላክሁት። ርዕሱ ላይ «ጀነሬተር» ጻፍኩ፣ እሱ የሚጠራበት ነውና፤ ጎኑ ላይ «ጀነሬቲንግ ሴት 8502» ጨመርኩበት።