ሣር የማትበላ ፈረስ በጊዳ አያና

ዛሬ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር አይደለም የማወራችሁ፤ ስለ ሳይክል ነው። ኧረ አትሳቁ! አንድ ወዳጄ “ሳይክል መግዛት እንደ ማግባት ነው” ይላል። ሱቅ ውስጥ ትብረቀረቃለች፤ ጠባይዋ የሚታወቀው ግን ቤት ከገባች በኋላ ነው። እኔ ከኔዋ ጋር ሦስት ክረምት አሳልፌያለሁ። እስካሁን አልተፋታንም። እናም ርካሽ የተራራ ሳይክል ገዝቶ በወለጋ መንገድ መንዳት ምን እንደሚመስል፣ ለምታስቡትም ለምትፈሩትም ልንገራችሁ።

ጊዳ አያናን ታውቁታላችሁ?

ካላወቃችሁ ላስተዋውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በአምቦና በባኮ አድርጋችሁ ነቀምት ትገባላችሁ፤ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነቀምት ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ጎጃም ቡሬ የሚያደርሰውን መንገድ ትይዛላችሁ። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ነፋሻ ከተማ ናት። መንገዱ ግን ወዲያው ቁልቁል ወደ ኡኬና ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል። ያኔ ኮታችሁን ማውለቅ ነው! ማንጎ፣ ሰሊጥ፣ ሙቀት፣ ላብ... የአንገር ወንዝ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ አባይ የሚሄዱት በዚሁ ቆላ በኩል ነው። አንገር ጉትንን አልፋችሁ እንደገና ሽቅብ ስትወጡ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። በቃ፣ ጊዳ አያና ደረሳችሁ። ከነቀምት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችኋል ማለት ነው።

እዚህ ቀዩ አፈር ነው ጌታው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። በቆሎው ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ገበያው ውስጥ ኦሮምኛውም አማርኛውም ይሰማል። ባጃጅ አለ፣ ሞተር ሳይክል አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን አህያና እግር አለ። ሞተር ቤንዚን ይጠጣል፣ ባጃጅ በየገጠሩ ጠባብ መንገድ አይገባም፣ እግር ደግሞ ይደክማል። ሳይክል የምትገባው እንግዲህ እዚህ መሀል ነው። አንድ የሰፈሬ ሽማግሌ የኔዋን ዞር ዞር ብለው አይተው “ሣር የማትበላ ፈረስ!” አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ይኸው ሆነ።

ፈረሷ ከየት መጣች?

ይቺ ወፍራም ጎማና ቀጥ ያለ መሪ ያላት ሳይክል ታሪኳ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ አካባቢ የሚኖሩ ወጣቶች፣ ሰው የጣላቸውን ከባድ አሮጌ ሳይክሎች እየሰበሰቡ በአፈር መንገድ ቁልቁል ይለቁ ነበር። በ1976 “ሪፓክ” የሚባል ውድድር ጀመሩ። ስሙ እንዴት ወጣለት መሰላችሁ? የዚያን ጊዜው ፍሬን የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ነበር። ቁልቁለቱን አንዴ ሲወርዱት ከሙቀቱ የተነሳ ግራሶው ተቃጥሎ ይጨሳል፤ እንደገና ፈትቶ በግራሶ መሙላት ግድ ይላል። “ሪፓክ” ማለት “እንደገና ሙላው” ማለት ነው። በ1977 ከመሀላቸው ጆ ብሪዝ የሚባለው ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ቴላዮ ሠራ። በ1996 አትላንታ ላይ የተራራ ሳይክል የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

እኛም ከሳይክል ዓለም ሩቅ አይደለንም። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳርና ሐዋሳም ሜዳ ስለሆኑ ሳይክል የለመዱ ከተሞች ናቸው። የወለጋ ዳገት ግን ተራ ሳይክል አይወድም። ካምቢዮ ያላት ትፈልጋለች።

ከመግዛታችሁ በፊት

ዋጋዋ ስንት ነው? ትሉኛላችሁ። በበግና በወይፈን መሀል ናት ብዬ ልለፈው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምምና የዛሬ ቁጥር ለነገ አይሆናችሁም። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ነውና ሱቅ ስትገቡ አትቸኩሉ። እነዚህን ብቻ ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ሞላ ሲበዛ ጥሩ እንዳይመስላችሁ። በርካሽ ሳይክል ላይ ከኋላ ያለው ሞላ ክብደት ይጨምራል፤ ዳገት ላይ ጉልበታችሁን ይበላል። ከፊት ብቻ ሞላ ያላት ወይም ጭራሹን የሌላት ትሻላለች።

ሁለተኛ፣ 18 ወይም 21 ማርሽ ይበቃል። 21 ማለት ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ጥርስ ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለኛ ዳገት ወሳኟ ከፊት ትንሿ፣ ከኋላ ትልቋ ናት።

ሦስተኛ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ እዩ። የማያውቅ ገጣጣሚ ወደ ኋላ አዙሮ የገጠመው ብዙ ነው! ባለ ላስቲክ ፍሬን ከሆነች ፍሬኑ ከሹካው በስተፊት መሆን አለበት። ከኋላው ካያችሁት “ፍታና አዙርልኝ” በሉ።

አራተኛ፣ ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩ። ቸርኬው የሚወላገድ ከሆነ ሽቦዎቹ አልተወጠሩም። ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ልል ነው።

አምስተኛ፣ ካላማዳሪያዋ አፉ ወፍራም፣ እንደ መኪና ያለ ይሁን። ያኔ የትም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ቀጭኗ ግን ልዩ መንፊያ ትፈልጋለች፤ ጊዳ አያና ላይ ማን ያመጣላችኋል?

ነቀምት ገዝታችሁ በአውቶቡስ ጣሪያ የምታመጧት ከሆነ ፔዳሎቹን አውልቁ። ልብ በሉ፣ የግራው ፔዳል ብሎን እንደ ሌላው አይደለም፤ በተቃራኒው ነው የሚፈታው። እሱን ሳያውቅ ታግሎ ጥርሱን የበላው ስንቱ ነው! ካምቢዮው ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስጭኑ። ረዳቱ ማዳበሪያ ከላይ እንዳይጭንባት ደግሞ በሻይም ቢሆን ለምኑት።

እሑድ ጠዋት

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የዚህች ሳይክል ደስታ እሑድ ጠዋት ነው። ከከተማው በገጠሩ ቀይ መንገድ ስትወጡ ጤዛው ገና አልረገፈም። ከየጎጆው የቡና ጭስ ይወጣል። ልጆች “ሳይክል! ሳይክል!” እያሉ ይከተላሉ፤ ዳገት ላይ እንደውም ቀድመው ይጠብቋችኋል፣ በባዶ እግራቸው! ሽማግሌ ሲያጋጥም ግን እላይዋ ላይ ሆኖ ሰላምታ ነውር ነው። መውረድ ነው። “አካም ቡልቴ?” ይሉኛል፤ እጄን ዘርግቼ “ነጋ፣ አካም ቡልተን?” እላለሁ። ቀብር ሲያልፍም እንዲሁ ነው፤ ወርዶ ቆሞ ማሳለፍ ነው። ከብት ካያችሁ ደወል አትደውሉ፤ ይደነግጥና እረኛውን ያጣላችኋል።

ዳገት ሳይጀምር ማርሹን ቀይሩ። መሀል ዳገት ላይ ከቀየራችሁ ካቴናው ይንቋቋና ይዘላል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? እንደ እንቁላሉ ሁኑ።

ቁልቁለቱ ላይ

አሁን ቀልዱን እናቁም። ወደ አንገር የሚወርደው ቁልቁለት ከሰው ጋር አይቀልድም። አንድ የማውቀው ልጅ የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ብረት በብረት እየፋቀ “ነገ እቀይረዋለሁ” እንዳለ ወረደበት። ክንዱ ተሰብሮ ሁለት ወር ያህል እርሻ አልገባም። አስቡት፣ ወቅቱ የአረም ጊዜ ነበር። ያንን ሁለት ወር እናቱ ብቻዋን አረመች። የላስቲኩ ዋጋ ግን ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ስለዚህ ላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ሲጠፉ ያን ቀኑኑ ቀይሩ። ስትወርዱ ፍሬኑን ጨምድዳችሁ አትያዙት፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። በረዥም ቁልቁለት ቸርኬው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል። የሪፓኮቹን ጭስ አስታውሱ! ቆም እያላችሁ አቀዝቅዙት። ሰውነታችሁን ከኮርቻው ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ። የፊት ፍሬን ጉልበተኛ ስለሆነ በጠጠር ላይ በድንገት አትጨብጡት፤ በግንባራችሁ ነው የምትወርዱት። የራስ ቆብ ካገኛችሁ አድርጉ። አንዴ ወድቆ የተሰነጠቀ ቆብ ግን ዋጋ የለውም።

ክረምት

እኛ ጋ ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም አይለቅም። ቀዩ ጭቃ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠመጠማል፤ ፍሬኑ ውስጥ ይገባና ጎማው ጭራሽ መዞር ያቆማል። ያኔ ሳይክሏ ሳትሆን እናንተ ናችሁ የምትሸከሟት። ቀጭን እንጨት ያዙና እየፋቃችሁ ሂዱ። ቤት ስትደርሱ በውሃ አፍስሱባት፣ ግን ኩሽኔታው ላይ ውሃ በኃይል አትልቀቁ። ካቴናውን ጥረጉና የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ግራሶ አትቀቡ፤ አፈሩን ሰብስቦ ካቴናውን ያስበላዋል።

“ሴት ልጅ ሳይክል?”

ይህን ርዕስ ባላነሳው ይቆጨኛል። የጎረቤታችን ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት። ቤተሰቧ ያለው ገጠር ነው። እንደ ብዙዎቹ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክማ እየመጣች ነው የምትማረው። የቤት ኪራዩ አባቷን ከብዶታል፤ “ዘንድሮ ታቁም” የሚል ወሬም ተነሳ። ልጅቷ ምን አለች? “ሳይክል ግዙልኝና ከቤት እየተመላለስኩ ልማር።” እናቷ እሪ አሉ። “ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ? ክብሯን ልታጣ?”

እናቶቼ፣ በአክብሮት ልንገራችሁ። የልጅ ክብር ኮርቻ ላይ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ የሴት ልጅን ድንግልና በምርመራ ማረጋገጥ የሚቻልበት ምንም ሳይንሳዊ መንገድ የለም ብለዋል። እና ሐኪም እንኳን የማያውቀውን ነገር ሳይክል እንዴት ያጠፋዋል? ይልቅ ክብሯን የሚነካው ትምህርቷን አቋርጣ ያለ ፍላጎቷ ስትዳር ነው።

እናትየው ወዲያው “እሺ” አላሉም። “መጀመሪያ ወንድሟ ይውሰዳት፣ ሱሪም ትልበስ፣ ሳይመሽ ትግባ” አሉ። ልጅቷም በኔዋ ፈረስ ሜዳው ላይ ተለማመደች። አባትየው አሁን አንድ በግ ለመሸጥ እያሰቡ ነው። ይሸጡ ይሆን? አላውቅም፤ መስከረም ሲጠባ እናያለን። እኔ ግን ከኮርቻው ላይ ስትወርድ ፊቷን አይቻለሁ። እንደዚያ የበራ ፊት ለአንድ በግ ዋጋ አይጠፋም!

የመጨረሻ ምክር

አገሩ ውብ ነው፤ አገሩ ግን ብዙ አይቷል። በ2013፣ በ2014ና በ2015 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ በነበረው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰውም ከቤቱ ተፈናቅሏል። ስለዚህ የከተማችሁን ጀብዱ እዚህ አታምጡት። ከመውጣታችሁ በፊት “የዛሬ መንገድ እንዴት ነው?” ብላችሁ የአገሩን ሰው ጠይቁ። “ዛሬ ይቅር” ካሏችሁ ይቅር። ለብቻ አትሂዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡ። አንገር ቆላ የምታድሩ ከሆነ ወባ አለና አጎበር አትርሱ።

ያልኳችሁን ሁሉ አሟልታችሁ ጊዳ አያና ከመጣችሁ ግን፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሳይክላችሁን ባሕር ዛፍ አስደግፉና ቆም በሉ። የአንገር ሸለቆ ከጭጋጉ ሥር እንደተኛ ላም ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ከመውረዳችሁ በፊት ፍሬናችሁን ሞክሩ።