ባጃጁ ለምን ይገለበጣል?

ከምባታ ውስጥ ዛቶ በሚባል መንደር የተወለደች አንዲት ልጅ ነበረች። ውኃ ልትቀዳ የምትሄድ መስላ ከቤት ትወጣና በዚያው ሹልክ ብላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ትገባ ነበር። በዚያን ዘመን በአካባቢው ሴት ልጅን ማስተማር ወግ አልነበረምና ነገሩ በድብቅ መሆን ነበረበት። ይህቺ ልጅ ኋላ ዓለም ያወቃት ቦጋለች ገብሬ ናት። በውኃ ሰበብ የጀመረችው ፊደል አዲስ አበባ ወደሚገኝ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አደረሳት፤ ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም አሜሪካ። በ1997 እ.ኤ.አ. «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ» የተባለውን የሴቶች ድርጅት አቋቋመች። የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ስትታገል ኖራ በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. አረፈች።

ስለ ሥራዋ ብዙ ተጽፏል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ያ የውኃ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ሂጂ ያላት አልነበረም፤ ለመሄድ ሰበብ የምትፈልገው እሷው ነበረች። የእህቴ ልጅ ደግሞ አምስት ዓመቱ ነው፤ ላለመሄድ ሰበብ ይፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ማክሰኞ ጫማው ይጠፋል። ጫማውን አንድ ቀን እንሰት ሥር ሸሽጎት አግኝተነዋል።

ይህ ልጅ ሰነፍ ነው እንዳትሉኝ። አምና፣ ገና መዋዕለ ሕፃናት ሳይገባ፣ ከሽቦ፣ ከቆርኪና ከደረቅ የእንሰት ቅጠል ባጃጅ ይሠራ ነበር። ዱራሜን የሚያውቅ ሰው ባጃጅ የልጆችን ዓይን እንዴት እንደሚስብ ያውቃል። ታዲያ የእሱ ባጃጅ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ቁልቁለት ሲለቀቅ ይገለበጣል። ያነሣዋል፤ ይለቀዋል፤ ይገለበጣል። «ለምን ይገለበጣል?» እያለ ሁላችንንም አሰለቸን። አጎቱ «የእውነቱም ይገለበጣል» ብሎ ሳቀበት። ልጁ ግን በሦስተኛው ቀን ከኋላ ወንበሩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስሮ መጣ። ባጃጁ እስከ ታች ድረስ ሳይገለበጥ ወረደ። ድንጋዩን ከፊት ሲያስረውስ? ተገለበጠ። ይህን ማንም አላሳየውም።

ዛሬ ይህ ልጅ በከተማችን ካሉት የግል መዋዕለ ሕፃናት በአንዱ ይማራል። ስሙን አልጠቅስም፤ አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉና ስም መጥቀሱ ለአንዱ ብቻ በደል ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ከአምሳ በላይ ሕፃናት ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ መምህሯ አንዲት ናት። ግድግዳው ላይ ቀይ አፕል ተሥሏል። «ኤ ፎር አፕል» ትላለች፤ አምሳው ይቀበላታል። ከሰዓት በኋላ ልጁ አንድ ገጽ ሙሉ «ኤ»፣ አንድ ገጽ ሙሉ «ሀ» ጽፎ እንዲመጣ ታዞ ይላካል። ቤት ውስጥ የሚናገረው ከምባትኛ ነው፤ እሱም አንደኛ ክፍል ሲደርስ በላቲን ፊደል ይጠብቀዋል። መምህሯን ልወቅስ አልቻልኩም። ደመወዟ ትንሽ ነው፤ ለአምሳ ልጅ የሚሆን ጭቃም፣ እንጨትም፣ የሥዕል መጽሐፍም የላትም። ልጅ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ከማድረግ ሌላ ምን ታድርግ?

ይህን ዓይነቱን ቤት በጀርመንኛ «የልጆች የአትክልት ቦታ» ብሎ የሰየመው ፍሪድሪክ ፍሮብል የሚባል ሰው ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. ለትንንሽ ልጆች በከፈተው ቤት ማስተማሪያው የእንጨት ኳስ፣ ኩብና ክምር፣ ደግሞም እውነተኛ አትክልት ነበር። ልጅ በእጁ ካልነካ አይማርም ባይ ነው። እኛ ስሙን ወሰድን፤ አትክልቱን ግን ከግቢው ነቅለን ሲሚንቶ አፈሰስንበት። እንሰት የሌለበት ጓሮ በማይገኝበት በከምባታ ምድር!

ስለ እንሰት ካነሣሁ አይቀር እናቴን ላንሣ። እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም። ባለፈው ዓመት እንሰት ልታባዛ ጉድጓድ ስትቆፍር ልጁ አጠገቧ ነበር። የእናቲቱ ግንድ ይቆረጥና የሥሯ እምብርት ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ከዚያ አፈርና ፍግ ይለብሳል። ከወራት በኋላ ዙሪያውን ብዙ ቡቃያ ይፈላል። ልጁ ይህን ሲያይ «እናትየዋ ሞታ ነው ልጆቿ የሚወለዱት?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ብሆን ኖሮ ስለ ሞት ምን እንደምለው ሳሰላስል ይመሽ ነበር። እናቴ ግን ዶማዋን አነሣች። «ና እንይ» አለችና ቀደም ሲል የተቀበረውን አንዱን ገላልጣ፣ ቡቃያዎቹ ከአሮጌው ሥር ላይ እንዴት እንደሚወጡ አሳየችው። አንዲት ቡቃያ በዚሁ ተጎዳች። እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው ያቺ ቡቃያ ዋጋ አላት። እናቴ ግን አላዘነችም። ማታ ማታ ደግሞ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ታቀርብለታለች፤ ሲያቅተው አገር ስጠኝ ትለዋለች። እሱም ሆሳዕናን ይሰጣታል።

ዘንድሮ እንቆቅልሹ ሲቀርብለት ልጁ ወዲያው «አላውቅም» ይላል። የገረመኝ፣ ደግሞም ያስፈራኝ፣ ይህ ነው። አምና ሦስት ቀን ያሰበ ልጅ ዘንድሮ ሦስት ደቂቃ አያስብም። አያይዞም «መልሱን ንገሪኝና ልድገም» ይላል።

ለሕፃናት የተጨነቁ ሰዎች በሀገራችን አልጠፉም። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ኖረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የአሻንጉሊት ዝግጅት ጀመረች፤ ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ፣ ኋላም አዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። እኔ ይህን የአህያ ጋሪ ነገር እወደዋለሁ። ጋሪ በዱራሜም አለ፤ አህያም አለ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ አወራኋት። ሰምታኝ ስታበቃ «አንቺ መጽሔት ላይ የምትጽፊበት ነው፤ እኔ ግን የማሳድገው ልጅ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ነገሩ ለእሷ እንደ እኔ ቀላል አይደለም። ባለቤቷ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደዚያ እንደሄደ አንባቢ ያውቃል። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ሰው ብዙ ነው። ጆሐንስበርግ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ዘራፊ እየፈራ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካል። እንግሊዝኛ ባለመቻሉ የደረሰበትን እሱ ነው የሚያውቀው። እሑድ እሑድ ይደውልና ልጁን በእንግሊዝኛ ያናግረዋል። ልጁ «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ሲለው ሰውዬው ከወዲያ ማዶ ዝም ይላል። እህቴ ያ ዝምታ ለቅሶ መሆኑን ነግራኛለች። ለዚህ ሰው በቆርኪ ስለሚሠራ ባጃጅ ምን ብዬ ላስረዳው?

ባለፈው እሑድ ግን ልጁ ስልኩን ተቀብሎ «ፋይን» ካለ በኋላ በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቀ፦ «አባባ፣ እዚያ ያለው ባጃጅ ስንት ጎማ አለው?» አባቱ ሳቀ። ረጅም ጊዜ አወሩ። እንግሊዝኛው በዚያ ቀን ተረሳ።

ነሐሴ ገብቷል፤ ምዝገባ ተጀምሯል። መምህሯ ሁለት፣ ልጆቹ ሠላሳ የሆኑበት፣ ግቢው ግን ጭቃ የሆነ፣ በእንግሊዝኛ የማይመካ አንድ ሌላ ቤት አለ። እህቴ ትናንት ከባንክ ገንዘብ አውጥታ በመሐረብ ቋጥራለች። ለየትኛው እንደምትከፍል ስጠይቃት «ማታ ይደውላል» ብቻ አለችኝ።