የታችኛው ሰፈር ወሬ

ክቡ ሰሌዳ ላይ ቀይ የኒዮን መብራት ይሽከረከራል። ዜሮ ላይ ብልጭ፣ አሥራ ስምንት ላይ ብልጭ። ዜሮው የውሃው ፊት ነው፤ አሥራ ስምንቱ ጭቃው ወለል፣ ልኬቱም በጫማ። እኛ ዓይናችንን የተከልነው በሁለቱ መካከል ነው። እዚያ አንዲት ቀጭን ቀይ ክር ብልጭ ካለች «አለ! አለ!» ተብሎ ይጮሃል፣ ሦስታችንም በአንዴ ብድግ እንላለን፣ ጀልባዋ ትንገዳገዳለች፣ አንዱ «ኧረ ተቀመጡ!» ይላል፣ ማን ሰምቶት! ወይ ደስታ!

ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ቤይ። ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሦስት አበሾች፣ ሳምንቱን ሙሉ ታክሲና ፓርኪንግ ውስጥ ውለን ቅዳሜ ሲሆን ወደ ውሃው የምንሮጥ ነበርን። አንደኛው የዝዋይ ልጅ፣ ሁለተኛው ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን፣ ሦስተኛው እኔ፣ የባሕር ዳር ልጅ። የሜሪላንድ ሰዎች ሮክፊሽ የሚሉት ጎኑ ላይ ሰንበር ያለው ትልቅ ዓሣ እጅግ ተመናምኖ ስለነበር ግዛቱ ከ1985 እስከ 1990 ድረስ ጭራሽ እንዳይያዝ ከልክሎ ነበር። እገዳው ተነሥቶ ዓሣው እየበረከተ ሲመጣ ገንዘብ አዋጥተን አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዛን። ያቺ የምትሽከረከር መብራት ያለባት የዓሣ መፈለጊያ ከጀልባዋ ጋር ነው የመጣችው። አረንጓዴ የብረት ሣጥን፣ በትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ።

የዚያች ሣጥን ታሪክ ራሱ ያስቦርቀኛል። ካርል ሎራንስ የሚባል አሜሪካዊ ከልጆቹ ጋር ሐይቅ ውስጥ እየጠለቀ ዓሦችን ይመለከት ነበር። ያዩት ነገር ዓሣ በሐይቁ ውስጥ እኩል እንደማይበተን ነው፤ አብዛኛው ውሃ ባዶ ነው፣ ዓሣው ጥቂት ቦታ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። እንግዲያው ባዶውን ቦታ ትቶ ሙሉውን የሚያገኝ መሣሪያ ያስፈልጋል ብለው በ1957 ድርጅት አቋቋሙ፣ ያቺን አረንጓዴ ሣጥንም ለተራው አጥማጅ አወጡለት። ከነሱ በፊት ደግሞ በ1948 ጃፓን፣ ናጋሳኪ ውስጥ የፉሩኖ ወንድማማቾች ከጦርነቱ የተረፈ የጥልቀት መለኪያ አሻሽለው ለዓሣ አጥማጆች የሚሆን መፈለጊያ ሠርተዋል። የጦር ዕቃ ለእራት ማግኛ ሲውል እንዴት ደስ ይላል!

አሠራሩ ደግሞ የገደል ማሚቶ ነው። ከጀልባው ሥር ያለችው ትራንስዲዩሰር ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ይመለሳል፤ መሣሪያው የሄደበትንና የመጣበትን ጊዜ ቆጥሮ ጥልቀቱን ይናገራል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በዚያች አሥራ ስምንት ጫማ ውሃ ውስጥ ደርሶ መልሱ ከሰከንድ ሺህ ክፍሎች ሰባቱን ብቻ ይወስዳል። ዓሣው የሚታየው በሥጋው አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት አለው፣ ድምፁን አጉልቶ የሚመልሰው በዋናነት ያ አየር ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ለአንድ ሳምንት ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ዓሣ ሆድ ሳወራ ከረምሁ!

ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ተአምር ነው። ወይጦዎቹ ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ላይ ሰውየው ረጅም ሸምበቆ ይዞ ይቆማል፤ ሸምበቆው ወለሉን ከነካ ጥልቀቱ ታወቀ፣ ካልነካ ደግሞ «ጥልቅ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዓሣ የት እንዳለ የሚናገሩት ፔሊካኖቹ ናቸው። ቦታ የሚያዘው ደሴትንና ተራራን በዓይን አሰልፎ ነው። ስመጣ ቼሳፒክ ላይ ያገኘሁት ያንኑ ነው ብል አላጋነንሁም። ጣና በአማካይ 8 ሜትር ያህል ነው፣ ቼሳፒክ ደግሞ 6 ሜትር ተኩል ገደማ፤ ሁለቱም ሰፊ፣ ሁለቱም ድፍርስ፣ በሁለቱም ውስጥ ዓይን ከክንድ አያልፍም። ፔሊካኑን የባሕር ወፍ ተካው፦ ሮክፊሽ ሜንሄደን የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች ከታች ወደ ላይ ሲያሳድድ ወፎቹ ከላይ ይወርዱባቸዋል፣ ውሃው ይፈላል። ዛሬም ከስክሪኑ በፊት ቀና ብዬ ሰማዩን ነው የማየው። ደሴትና ተራራውን ደግሞ የውሃ ታንከርና የመብራት ምሰሶ ተኩት። «ታንከሩ ከምሰሶው ጀርባ ሲገባ ጣል!» ይሉ ነበር ጋሼ።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ! ጋሼ ከአንድ ጡረተኛ አጥማጅ የገዙት፣ የወረቀት ጥቅል እየጎተተ በመርፌ የሚስል መሣሪያ። መርፌዋ ወረቀቱን እያቃጠለች ትስላለች፤ ጀልባዋ የተቃጠለ ወረቀት ትሸታለች፤ ወለሉ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ዓሣው ደግሞ እንደ ቅንድብ የጎበጠ ምልክት። ማታ ማታ ጥቅሉን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን በጉልበታችን እየተንፏቀቅን እናነበዋለን። ቡናው ይፈላል፣ ልጆቹ በወረቀቱ ላይ ይዘላሉ፣ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው «ይቺ ሮክፊሽ ናት፣ ይቺኛዋ እንኳ ግንድ ናት» ይላሉ። ቅንድቡ ለምን እንደሚጎብጥ እስኪገባን ጊዜ ወሰደ። ድምፁ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። ዓሣው ከሾጣጣው ዳር ሲገባ ከትራንስዲዩሰሯ ራቅ ይላል፣ መሀል ሲደርስ ይቀርባል፣ ሲወጣ እንደገና ይርቃል። ርቀቱ ሲለዋወጥ መስመሩ ይጎብጣል። በሾጣጣው ዳር ብቻ ነክቶ ያለፈ ዓሣ ግማሽ ቅንድብ ይተዋል፣ ከጀልባዋ ሥር ዝም ብሎ የቆመ ዓሣ ደግሞ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር። ትልቅ ምልክት ሁልጊዜ ትልቅ ዓሣ ማለት እንዳልሆነ ያስተማረን ያ ምንጣፍ ነው።

ከወረቀቱ በኋላ የመጣውን ጥቁርና ነጭ ስክሪን በአጭሩ ልለፈው። ጠጠር ጠጠር የሚያህሉ ነጥቦች ነበሩት፣ ፀሐይ ሲበረታ አይነበብም። አገልግሏል፣ ተመስገን።

እና ዛሬ! ዛሬ ሱቅ ገብቶ የቆመ ሰው ግድግዳ ሙሉ ስክሪን ያበራበታል። ባለ 5 ኢንች፣ ባለ 7፣ ባለ 9፣ ባለ 12፤ ሁሉም በቀለም፣ ሁሉም ከነካርታው። ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር ለአሁኗ የፋይበርግላስ ጀልባችን ልንመርጥ ስንገባ እሷ ወደ ትልቁ ሮጠች፤ እኔ ግን ቀድሜ የጠየቅሁት የታችኛዋን ነው፣ ትራንስዲዩሰሯን። ስክሪን የሚያሳየው እሷ የሰማችውን ብቻ ነዋ! 50 ኪሎኸርዝ ለጥልቅ ባሕር ነው፣ ሾጣጣው ሰፊ፣ ምስሉ ደብዛዛ። 200 ኪሎኸርዝ ጠባብና ጥርት ያለ ነው፤ እንደ ቼሳፒክ ላለ ጥልቀቱ ትንሽ ውሃ የሚስማማውም እሱ ነው። ቸርፕ የሚሉት ደግሞ በአንድ ድምፅ ፈንታ ብዙ ድምፆችን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ እየጠረገ ይልካል፤ በዚህም ተጠጋግተው የሚዋኙ ሁለት ዓሦችን ለይቶ፣ ወለሉ ላይ የተጣበቀውንም ከወለሉ ነጥሎ ያሳያል። ያኔ በአንዲት ቀይ ክር የምንጮኸው ሰዎች ይህን ብናይ ምን እንሆን ነበር!

ወደ ጎን የሚያየውም አለ። በግራና በቀኝ ያለውን ወለል ጠርጎ ከነጥላው ይስለዋል። በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ አጠገብ ቀስ ብለን ስናልፍ የምሰሶዎቹ እግርና በየሥሩ የተከመረው ድንጋይ ጉልህ ብሎ ወጣ። ከዚያ ኦይስተር የሚባለው ዛጎል ክምር፣ ከዚያ የሰመጠ ጀልባ አጥንት! ሠላሳ ዓመት ያህል በላዩ ስንመላለስ የኖርንበት ሰፈር ነው፤ የታችኛውን ሰፈር ሰዎች ገና አሁን መተዋወቃችን ነው።

ወደ ገጠማው እንምጣ፤ እኔ የምሞትለት ክፍል እሱ ነው። ውድ መሣሪያ በመጥፎ ቦታ ከተሰካ ከርካሹ ያንሳል፣ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ጠላቱ አየር ነው። የዓሣውን ሆድ የሚያሳየን ያው አየር ትራንስዲዩሰሯ ፊት አረፋ ሆኖ ከመጣ ድምፁን ይጋርደዋል፤ ጀልባዋ ፈጠን ስትል ስክሪኑ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ከፊቷ ውሃውን የሚበጠብጥ ሸንተረርም ሆነ የብሎን ረድፍ የሌለበት ንጹሕ ቦታ ይፈለጋል። የአብዛኞቹ ሞተሮች ፕሮፔለር ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር በቀኝ በኩል ክንፉ ወደ ታች ይወርዳል፣ አረፋውም በዚያ በኩል ያንሳል። ስለዚህ ቀኙን መረጥን፣ ከፕሮፔለሩም አርባ ሴንቲ ሜትር ያህል አራቅናት። ፊቷ ከጀልባዋ ሆድ ትንሽ ዝቅ እንዲል፣ ወለሉንም ትይዩ ሆና እንድትመለከት አስተካከልን።

መጀመሪያ አንድ የፕላስቲክ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ለጠፍን፣ ብሎኖቹ ሰሌዳው ውስጥ ብቻ እንዲገቡ። ነገ ሌላ ትራንስዲዩሰር ቢመጣ ጀልባዋን ዳግመኛ መብሳት የለብንም። ሰሌዳ የሌለው ሰው ቀዳዳውን ሁሉ ውሃ በማያስገባ የጀልባ ማጣበቂያ ሞልቶ ነው ብሎኑን የሚያስገባው። ሆዷ ድፍን ፋይበርግላስ የሆነ ጀልባ ያለው ደግሞ ትራንስዲዩሰሯን ከውስጥ በኢፖክሲ መለጠፍ ይችላል፣ አንድም የአየር አረፋ ካልቀረበት ድምፁ ያልፋል። በአሉሚኒየም ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሆንም።

ሽቦው የልጄ ሥራ ነበር። በቀጥታ ከባትሪው፣ ፊውዙ እዚያው ከባትሪው አጠገብ፣ ከሞተሩ ሽቦና ከሬዲዮው ገመድ ርቆ። አብረው ከታሰሩ ስክሪኑ ላይ የማይረባ ነጠብጣብ ይዘንባል። የትራንስዲዩሰሯ ገመድ ቢረዝም እንኳ አይቆረጥም፣ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ስትጨርስ እያንዳንዱን ጫፍ ለየብቻ ስም ጽፋ ለጠፈችበት፤ ጋሼ ቢያዩ በመነጽራቸው ሥር ፈገግ ይሉ ነበር።

ውሃ ላይ ወጣን። ጥልቀቱ መጣ፣ ወለሉ መጣ። ጋዝ ሰጠኋት፣ ጀልባዋ አፍንጫዋን አነሣች፣ ፈጠነች፣ የወለሉ መስመር ግን አልተቆረጠም! «አባዬ አልጠፋም! አልጠፋም!» ትላለች ልጄ። ወደ ጥልቁ መንገድ ሄድን፤ እሱ በበረዶው ዘመን የሰስክዌሃና ወንዝ የቆፈረው ሸለቆ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከ50 ሜትር ያልፋል። ስክሪኑ ላይ ወለሉ ገደል ሆኖ ሲወርድ ሆዴ አብሮ ወረደ። በጋ ስለነበር ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ ዓሦቹ ይሸሹታል። ስክሪኑ ይህን በዓይን አሳየን፤ ቅንድቦቹ ሁሉ ከአንድ ከፍታ በላይ ተደርድረዋል፣ ከሥራቸው ጭር ያለ ባዶ። መንጠቆውን ከዚያ በታች መላክ ከንቱ ድካም ነው።

ያየነውን ሁሉ አንይዝም። ሮክፊሽ ዛሬም እንደገና አስጊ ሁኔታ ላይ ነው፣ መራባቱ ቀንሷል፤ ከ2024 ጀምሮ በቤዩ ውስጥ አንድ ሰው በቀን አንድ ብቻ፣ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነውን እንዲይዝ ተደንግጓል። የ1985ቱን እገዳ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን በደስታ ያከብራል። አንዱን ይዘን የቀረውን ሰዓት ቅንድብ ስንቆጥር እንውላለን፣ እኔ ይህን እንደ ማጥመድ እወደዋለሁ።

አሁን ልጄ የምትጨቀጭቀኝ በ2018 ስለወጣው ላይቭስኮፕና ስለ ዘመዶቹ ነው፦ ዓሣው በዚያችው ቅጽበት ሲዋኝ፣ ወደ ማጥመጃው ዞሮ ሲጠጋ የሚያሳየው። ዋጋው ያችን አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ሦስት ጊዜ ይገዛል። እኔም እፈልገዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ! የፊተኛውን የኤሌክትሪክ ሞተር ዘንግ ለክተናል፣ ትራንስዲዩሰሯ እዚያ ላይ ትታሰራለች። ለብቻው የሚሆን የሊቲየም ባትሪ ከወንበሩ ሥር ይገባል፣ ገመዱ በግራ በኩል ያልፋል። ለዝዋዩ ልጅ ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት መሰርሰሪያውን ይዞ ይመጣል።