በሽሮ ሜዳ ስለ ታደሰው የጥንት መቀነት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን፣ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት የያዘ መንገደኛ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ እንዳለፈ በግራና በቀኝ የተሰቀለው የሐበሻ ልብስ ዓይኑን ይስበዋል። ይህ ስፍራ ሽሮ ሜዳ ይባላል። ቀሚሱ፣ ኩታው፣ ነጠላውና ጋቢው በየሱቁ ደጃፍ ተንጠልጥሎ በነፋስ ሲወዛወዝ ላየው ሰው የበዓል ዋዜማ እንጂ የዘወትር ገበያ አይመስልም። እኛ ግን ባለፈው ሰሞን ወደዚያ የወጣነው ልንሸምት ሳይሆን አንድ አሮጌ መቀነት ይዘን ነበር።

መቀነቱ የአያታችን ነው። ርዝመቱ 7 ክንድ፣ ወርዱ አንድ ስንዝር፣ በሁለቱ ጫፍ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለው ሲሆን፣ አያታችን ካረፉ ወዲህ በሣጥን ተቀምጦ ኖሯል። የእኅታችን ልጅ በሠርጓ ዕለት እንደ ጥንቱ ልታጠቀው ብላ ስለ ለመነችን ሣጥኑን ብንከፍት፣ አይጥ መካከሉን በልቶት አገኘነው። ጫፎቹ ግን ደኅና ነበሩ፤ ባንደኛውም ጫፍ አያታችን በገዛ እጃቸው የቋጠሩት ቋጠሮ እንዳለ ነበር። በቀድሞ ዘመን የእመቤት ገንዘቧ በመቀነቷ ጫፍ ይቋጠር ነበርና፣ ያን ቋጠሮ ከቤታችን ሰው ደፍሮ የፈታው አልነበረም። ሠርጉም ሊደርስ የቀረው 12 ቀን ብቻ ነበር።

ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገቡ የሱቁ ጫጫታ ያልቅና የሸማኔዎቹ ቤት ይጀምራል። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ወገን የመጡ ወይም ከእነርሱ የተወለዱ ናቸው። በአገራቸው ልማድ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ እየረገጠ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ማጉ በቀሰም ተጠቅልሎ ያለበትንም መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰዳል። ጥለት ላይ በደረሰ ጊዜ ግን ፍጥነቱን ገታ አድርጎ የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ እያነሣ ባለ ቀለሙን ክር በመካከላቸው ያገባል። ንድፉ በወረቀት የተጻፈ አይደለም፤ በልቡ ያለ ነው። ያን ጊዜ ሰው ባያነጋግረው ይሻላል። እኛ ይህን ሳናውቅ ሰላምታ አብዝተን አንዱን ወጣት ቍጥሩን አሳሳትነው፤ እርሱም የሠራውን ፈትቶ እንደ ገና ጀመረ እንጂ ክፉ ቃል አልተናገረንም። ከዚህ በኋላ ጥለቱ በማሽን ታትሞ በርካሽ የሚሸጠውን ልብስ ከዚህ እኩል ማየት አልሆነልንም።

የመራን ሰው ካንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ አደረሰን። መቀነቱን ተቀብለው ገለበጡና በጀርባው በኩል ክሩን ቆጠሩ።

«ጥለቱን እሠራዋለሁ፤ ዳሩ ግን ይህ ቀይ ደብዘዝ ያለ ነው፣ የዛሬው ሳባ ያብለጨልጫል፤ አይመሳሰልም። በ12 ቀንም አይደርስልኝም» አሉን። ጥቂትም ቆይተው «ጫፎቹ ደኅና ናቸው። መካከሉን አዲስ ሸማ አድርጋችሁ ጫፎቹን ብትቀጥሉበት ያው የእርሳቸው መቀነት ነው። ነገር ግን ቋጠሮው ሳይፈታ ጨርቁ አይዘረጋም» አሉ።

አብረውን የመጡት አክስታችን በዚህ ተከፉ። «የእናቴን ቋጠሮ ማን ይፈታል?» ብለው መቀነቱን ከሽማግሌው እጅ ተቀበሉ። እስከ ቤት ድረስ አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን ራሳቸው አስጠሩንና ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ በጣታቸው ቢያቅታቸው በጥርሳቸው እየረዱ ፈቱት። በውስጡ በ1895 ዓ.ም. የተመታ አንድ የዳግማዊ ምኒልክ የብር ግርሽ ተገኘ። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር፤ በቤቱ የተጎዳ መቀነት ያለው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው ነጭ ሸማ፣ ለገበር የሚሆን አቡጀዲ፣ መርፌ፣ ክርና መቀስ ነው። አቡጀዲው ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ አስቀድሞ ታጥቦ ይድረቅ። የተበላው ስፍራ ሲቆረጥ መቀሱ እንዳይጣመም፣ በወርዱ አንድ ማግ ስቦ አውጥቶ ክሩ በወጣበት መስመር መቁረጥ ነው። እኛ ከየጫፉ 2 ክንድ ያህል አተረፍንና በመካከሉ ከ3 ክንድ ጥቂት የሚበልጥ ሸማ አገባን። መጋጠሚያው ሁለት ጣት ያህል ተደርቦ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በደቃቅ ስፌት ይያዛል፤ ገበሩ ከጀርባ የሚሰፋው ከዚህ በኋላ ነው። ዘርፉ የተፈታ እንደ ሆነ ክሮቹን በሁለት ከፍሎ ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን ማክረር፣ ኋላም አንድ ላይ አድርጎ በተቃራኒው ወገን ማጠንጠንና ጫፉን መቋጠር ይበቃል። በስፌቱ አክስታችንን የሚያህል ስላልተገኘ እኛ መርፌ ከማቀበል በቀር እጃችንን አላገባንበትም።

በሠርጉ ማለዳ መቀነቱ በሙሽራዪቱ ወገብ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ እስከ ጉልበቷ ወረደ። አዲሱ ሸማ ከአሮጌው ይልቅ ስለሚነጣ መጋጠሚያው ቀርቦ ላስተዋለ ይታወቃል። አክስታችን ጎንበስ ብለው ግርሹን በቀድሞው ጫፍ ቋጠሩት። ልጅቱ ምን እንደ ሆነ ብትጠይቃቸው «ገንዘብሽ ነው» አሏት።