ከልጅ ጋር ወደ ጎዞ ደሴት

ሥራ አግኝተን፣ የሦስት ዓመት ልጃችንን ይዘን ከእስራኤል የሄድንባት ጎዞ የማልታ አገር ታናሽ ደሴት ናት፤ ስፋቷ 67 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከዋናው ደሴት በመርከብ 25 ደቂቃ ያስኬዳል፤ ማዕበል ሲበረታ ግን መርከቡ ይቀራል። የራሷ ሆስፒታል አላት፤ ሕመሙ የጠናበት ሰው በሄሊኮፕተር ወደ ማልታ ይወሰዳል። ልጅ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ደግ ነው።

እኛን ያሳሰበን ቋንቋው ነበር። ልጅቱ አማርኛና ዕብራይስጥ ስትደባልቅ ቆይታ፣ ጋን ስትገባ (የጠላውን ጋን ማለታችን አይደለም) ማልትኛና እንግሊዝኛ ተጨመሩባት። አማርኛዋ የሚጠፋ መሰለን፤ አያቷ ደግሞ ከአማርኛ በቀር አይሰሙም። ስለዚህ ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ እንናገራለን፣ ቢደክመንም እንኳ።

ማልትኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ከዐረብኛ የወጣ የሴም ቋንቋ ነው። ዐይን ያው ዐይን ነው። አምስት «ሐምሳ» ይባላል፤ ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠሩ አምሳ እየመሰለ ያስደነግጣል! ፀሐይ «ሼምሽ» ናት፣ ልክ እንደ ዕብራይስጡ ሼሜሽ።

ባለፈው ሳምንት አያቷ በስልክ «ምን ተማርሽ የኔ እናት?» ቢሏት፣ «ራስ በማልትኛ ራስ ይባላል» አለቻቸው።

«ይህንማ እኔም አውቃለሁ፤ ሌላ አስተምሪኝ» አሉ።